የእቴቴ ደብተር፦ እነዚህን መስመሮች የሚፈታልኝ የሰፈር ሰው አለ?

የእቴቴ መጨረሻ (ሰኞ፣ ምሽት 2፡15)

ሰላም የባሕር ዳር ልጆች። እዚህ መድረክ ላይ ለዓመታት ዝም ብዬ አንባቢ ነበርኩ። ዛሬ ግን ጉዳይ ይዤ መጣሁ።

እናቴ በሐምሌ መጨረሻ አረፈች። እኔ የመጨረሻ ልጇ ነኝ። የሰፈራችን፣ የሽንብጥ ሰው "እቴቴ" ነው የሚላት። ትልቅም ትንሽም፣ ቄሱም የባጃጅ ሾፌሩም። ስሟን የማያውቅ ጎረቤት መኖሩን ያወቅነው በቀብሯ ዕለት ነው። ካህኑ የክርስትና ስሟን ሲጠሩ ሁለት ሴቶች "የማን ፍትሐት ነው?" ብለው ሲጠያየቁ እህቴ ሰምታለች። እኔ አልነበርኩም። አዲስ አበባ ነው የምኖረው። መንገዱ እንደምታውቁት ነው፣ የአውሮፕላን ቲኬት የተገኘውም ለማግስቱ ነበር። ስደርስ ተቀብራለች። እሱን ተዉት።

ዕድሜዋ 86 ወይም 87 ቢሆን ነው። "ጣሊያን ሲወጣ ድክ ድክ እል ነበር" ትለን ነበር። ሌላ ማስረጃ የለንም። የተወለደችው ዘጌ፣ ቡና ሥር ነው። በልጅነቷ በታንኳ ተጭና ባሕር ዳር መጣች። ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ፈትል ክፍል ገብታ ጡረታ እስክትወጣ እዚያው ሠራች። ፊደል የቆጠረችው በ1971 በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። በቀበሌ አዳራሽ፣ እኔን ጉልበቷ ላይ አስቀምጣ። አስተማሪዋ ገና ጢም ያላበቀለ የ10ኛ ክፍል ተማሪ ነበር። እስክትሞት ድረስ "የኔታ" እያለች ነው የምታነሣው።

ፊደል እንደያዘች ደብተር ገዛች። ከዚያ ወዲህ መጻፍ አላቆመችም። ከአልጋዋ ሥር ካለው የቆርቆሮ ሳጥን 23 ደብተር አወጣን። ጸሎት ወይም የሕይወት ታሪኳ መስሎን ነበር። አይደለም። ሒሳብ ነው። አጭር አጭር መስመር፣ ስም የሌለበት። ለምሳሌ፦

"ሰማያዊ በር። ሽሮ 1 ጣሳ። ወጣ።" ከሥሩ በሌላ ቀለም "ገባ። ተላለፈ።"

"ኩሬ 4። ልጆች 9። ሸንኮራ።"

"ፌስታል 2። አጠብኩ። አልቀመሰም።"

"ጎላ። ዓባይ ማዶ። አልገባም።" ይቺኛዋ አንድ ቦታ ላይ ብቻ አይደለችም። አዲስ ደብተር በጀመረች ቁጥር የመጀመሪያው ገጽ ላይ ትገለብጣታለች።

"ጠጠር 3።" ይሄ ብቻ። ምንም ማብራሪያ የለውም።

እና ደግሞ እኛን እህትና ወንድሞችን ያጣላን መስመር፦ "መርከብ። የለም።" በየሳምንቱ። ለዓመታት። አባታችን በ1969 ወደ ኦጋዴን ዘምቶ አልተመለሰም። ታላቅ እህቴ "እሱን ነው የምትጠብቀው" አለች። ወንድሜ "ኦጋዴን የሄደ ሰው በጣና መርከብ አይመጣም፣ ይህን የማታውቅ መሰለሽ?" ብሎ ተቆጣ። ሁለቱም አልቅሰው ተነሡ።

80 የሚወጣው እሑድ ነው። ያን ቀን ስለእሷ የሆነ ነገር ላነብ አስቤያለሁ። የመጣ ሁሉ "እጃቸው አይታጠፍም ነበር" ይለናል። እጇ ይታጠፍ ነበር! ልጇ ነኝ፣ አውቃለሁ። ለደብተር መግዣ 1 ብር ስትሰጠኝ "ዕዳ" ብላ ትጽፍብኝ ነበር። እና እውነቱን ማንበብ ነው የምፈልገው። የምታውቁ እርዱኝ።

---

ቆሮሶ በዳቦ

ነፍስ ይማር። አፈሩን ገለባ ያድርግላቸው። ለእናቴ ሳነብላት "እኚህማ የእድሩን ድንኳን ክረምት ላይ በምድጃ ዳር ያደረቁት ናቸው" አለችኝ። ግማሹ ተቃጥሎ ነበር አሉ 😄

---

የእቴቴ መጨረሻ

ድንኳኑ እውነት ነው! የተቃጠለውን በፋብሪካ ጨርቅ ጣፈችው። አንዱ ጥግ አበባ አበባ ነበር። ሰው ለቅሶ ላይ ተቀምጦ እሱን እያየ ሳቁን ይይዝ ነበር።

ቤቱን ስናጸዳ ያገኘነውን ባሳያችሁ። የእድር ብርጭቆ 4። እጀታ የሌለው ጭልፋ። ድስቱ የት እንዳለ የማይታወቅ አንድ ግዙፍ ክዳን፣ ጓዳ ግድግዳ ላይ በሚስማር የተሰቀለ። ወንድሜ ድሮ ለቆራሌው ሊሸጠው ሲያወርደው በመጥረጊያ እንጨት አባረረችው። አሁንም ተሰቅሏል፣ ማንም ሊነካው አልደፈረም።

---

ሰማያዊ በር

ልጄ፣ ሰማያዊ በር እኔ ነኝ። ይህን የሚጽፍልኝ የልጅ ልጄ ነው፣ እኔ እየተናገርኩ።

በሩን የቀባው ባለቤቴ ነው። ከፖሊ ቴክኒክ ትምህርት ቤቱ ቀለም አትርፎ ነበር፣ እዚያ በቀን ሥራ ይሠራ ስለነበር። ከዚያ ሥራው ቆመ። ሦስት ልጅ ነበረን፣ አራተኛው ሆዴ ውስጥ። ማንም እንዳያውቅብን ጠዋት ጠዋት ባዶ ድስት እሳት ላይ ጥጄ ጭስ እንዲታይ አደርግ ነበር። እቴቴ አንድ ቀን ገብታ ክዳኑን አነሣችው። ምንም አላለችም። ማታ በጣሳ ሽሮ ይዛ መጣች። "ዕዳ ነው፣ ጽፌዋለሁ" አለች። እንደዚያ ባትል አልቀበልም ነበር። ኩራት ነበረብኛ።

ባለቤቴ ከስምንት ወር በኋላ ሥራ አገኘ። ሽሮ አስፈጭቼ ያንኑ ጣሳ ጢም አድርጌ ወሰድኩላት። አልተቀበለችም። "የእኔ አይደለም" አለች። "ከጊዮርጊስ ኋላ የሚኖሩት አዛውንት ጋ አድርሺው፣ አንቺ እንደሰጠሻቸው ሳይሆን እንዳበደርሻቸው ንገሪያቸው።" እንዳለችኝ አደረግሁ። "ገባ፣ ተላለፈ" ማለት ይህ ነው። ሽሮው እስካሁን የቱ ቤት እንደደረሰ እግዚአብሔር ይወቅ።

ስለ ጎላውም አውቃለሁ። እሱን ግን እዚህ ባልናገረው ይሻላል።

---

አወያይ

ነፍስ ይማር። ክሩ እንዲቆይ ስለምንፈልግ አንድ አደራ፦ የሰው ሙሉ ስም፣ የቤት ቁጥርም ሆነ ስልክ አትጻፉ። በተለይ በዚያ ዘመን ስለታመሙ ሰዎች ስታወሩ ተጠንቀቁ። አንድ መልእክት በዚህ ምክንያት አንሥቻለሁ።

---

ከዘጠኙ አንዱ

"ኩሬ 4፣ ልጆች 9፣ ሸንኮራ" 😂😂 ኧረ እኔ ነኝ! ከዘጠኙ አንዱ!

መስከረም ላይ ዝናቡ ሲያባራ ወባው ይነሣል። ባሕር ዳር ያደገ ያውቃል። እቴቴ የሰፈሩን ልጅ ሰብስባ አካፋና ቆርቆሮ ታሸክመንና ያቆረ ውሃ ታስፈስሰናለች። በቦይ ወደ ሐይቁ፣ የማይፈሰውን በአፈር መድፈን። ደመወዛችን ሸንኮራ ነበር። በቁመታችን ልክ ሳይሆን በደፈንነው ልክ ነበር የምትቆርጠው። እኔ ሰነፍ ስለነበርኩ ድርሻዬ ጉርድ ነበር። እስካሁን አልረሳሁላትም።

አንድ ቀን ከመንገድ ማዶ ያሉ ሰዎች ቦዩን በደጃችን አታሳልፉም አሉ። ክርክር ሆነ። እሷ ምንም ሳትመልስ ቁጭ ብላ ደብተሯን አወጣችና "በዚህ ቤት በወባ የተኛ ስንት ነው? ልጻፈው" አለች። ሦስት ነበሩ። ቦዩ አለፈ።

(አንቱ ማለት ነበረብኝ፣ ይቅርታ። ሁላችንም ልጆች አንቺ ነበር የምንላት።)

---

ሰነድ አገላባጭ

ነፍስ ይማር። ለሚነበበው ጽሑፍ የሚረዳ ከሆነ፦ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው የተቋቋመው በ1953 ነው፣ በጣሊያን የጦር ካሣ። ፖሊው ደግሞ በ1955፣ በሶቪየት ኅብረት ትብብር። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻው የተጀመረው ሐምሌ 1971 ስለሆነ ያልሽው ልክ ነው። ቀኖቹን በደንብ ብትጽፊያቸው ጥሩ ነው፣ ለቅሶ ላይ የሚነበብ ነገር ብዙ ጊዜ የተምታታ ነው።

---

የእቴቴ መጨረሻ

አመሰግናለሁ። የካሣውን ነገር ለካ ለዚህ ነበር! ወር ደመወዝ ስትቀበል "ጣሊያን ከፈለኝ" ትል ነበር። ቀልድ ይመስለን ነበር።

---

ደረቅ እውነት (ማክሰኞ፣ ምሽት 4፡40)

እኔም ነፍስ ይማር እላለሁ። ግን "እውነቱን ማንበብ ነው የምፈልገው" ስላልሽ ልናገር።

አባቴ ከእሳቸው ጋር ፋብሪካ ይሠራ ነበር። በ1986 ሞተ። እኔ የ11 ዓመት ልጅ ነበርኩ። ቤታችን ዓባይ ማዶ ነበር። በአርባው ቀን ማታ፣ ሰው ሁሉ ከሄደ በኋላ፣ እሳቸው መጥተው በር ላይ ቆሙ። እናቴ ያጽናኗት መስሏት ተነሣች። "ጎላው ስንት ሰዓት ይታጠባል?" አሉ። በቃ። ሌላ ቃል አልተናገሩም።

እናቴ ያን ቀን እንዳለቀሰችው በቀብሩም አላለቀሰችም። ድሃ መሆናችንን ያወቅነው ያኔ ነው። ስለዚህ "አልገባም" የሚለውን በየደብተሩ መገልበጣቸው አልገረመኝም። ሰው ለአንድ ድስት ሠላሳ ዓመት ቂም ይይዛል?

---

ቆሮሶ በዳቦ

ወንድም፣ ሟች ላይ እንዲህ አይባልም። ቢያንስ 80 እስኪያልፍ አትታገስም?

---

የእቴቴ መጨረሻ

ተዉት። የጠየቅሁት እኔ ነኝ። ወንድሜ፣ ስላደረሰችባችሁ ነገር አዝናለሁ። እንደዚያ አትሆንም ብዬ አልከራከርህም፤ ትሆናለች። እኔ ስዳር እንኳ ለሰርጉ የተዋሰችውን ወንበር ሙሽራው ሳይነሣ ነው የቆጠረችው።

ደብተሩን አያለሁ። የ1986ቱ ከታች ነው ያለው፣ ውሃ ነክቶት ገጾቹ ተጣብቀዋል።

---

ጡረተኛ ነርስ

"ፌስታል 2" የሚለውን እኔ ልፍታው። የሰው ማንነት ሳልነካ።

የኤች አይ ቪ ነጻ መድኃኒቱ በ1997 ሳይመጣ በፊት ነው። ያኔ በበሽታው የተኛ ሰው ቤቱ ነበር የሚሞተው። ብዙው ደግሞ ብቻውን። ቤተሰብ ዕቃ ይለይበታል፣ ጎረቤት በደጁ አያልፍም። እኛ በጎ ፈቃደኞችን አሠልጥነን ቤት ለቤት እንልክ ነበር። ወጣቶቹ ብዙዎቹ ከሁለት ሳምንት በኋላ ቀሩ፣ አልፈርድባቸውም። እቴቴ ከ60 ዓመት በላይ ሆነው አልቀሩም።

ጓንት አልነበረንም። ማለቴ ይመጣል፣ ያልቃል። ሲያልቅ በሁለት እጃቸው የሱቅ ፌስታል አጥልቀው፣ አንጓቸው ላይ በክር አስረው ነበር በሽተኛውን የሚያጥቡት። ፌስታል 2 ማለት ያ ነው። አንድ ለአንድ እጅ።

"አልቀመሰም" ያሉት ደግሞ እኔ ባለሁበት የሆነ ነው መሰለኝ። ወጣት ነበር፣ አጥንቱ ብቻ የቀረ። ያዘጋጁለትን አጥሚት መዋጥ አቃተው። እቴቴ በሩን ወለል አድርገው ከፈቱ። ጎረቤቶቹ ግቢው ውስጥ ቡና እየጠጡ ነበር። ደፉ ላይ ቁጭ ብለው፣ በእሱ ማንኪያ፣ ከእሱ ጎድጓዳ ሳህን፣ ያስተረፈውን አጥሚት እስከ ታች ድረስ ጠጡት። ቀስ ብለው። አንድም ቃል ሳይናገሩ። ከዚያ ሳህኑን አጥበው ለጎረቤቶቹ "ዕቃችሁ ነው፣ ንጹሕ ነው" ብለው አስረከቡ።

በማግስቱ ከጎረቤቶቹ አንዷ ለልጁ ወተት ይዛ ገባች።

እኛ ያን ሁሉ ፖስተር ለጥፈን ያልሆነ ነገር ነው።

---

ከዘጠኙ አንዱ

እናቴ ያን ጊዜ "ወደ እቴቴ ቤት እንዳትሄድ" ብላ ከልክላኝ ነበር። ምክንያቱን አሁን ነው የገባኝ። አፈርኩ።

---

የፋሲሎ ባጃጅ

እኔ ደግሞ የቅርቡን ልናገር። አዲሱ የዓባይ ድልድይ ግንቦት 2016 ሲመረቅ ከሳምንት በኋላ መሰለኝ፣ እቴቴ ባጃጄ ውስጥ ገቡ። "ድልድዩ ጋ ውሰደኝ" አሉ። ልሻገር ስል "አቁም፣ በእግሬ ነው" አሉኝ። 380 ሜትር ነው እኮ! በ85 ዓመታቸው! አንድ እጃቸው ከዘራ ላይ፣ አንድ እጃቸው እኔ ላይ። እየተቀመጡ፣ እየተነሡ፣ ወደ አንድ ሰዓት ፈጀብን። ባጃጄን ማን ይስረቃት ማን እያልኩ ዓይኔ ኋላ ነበር።

መሐል ላይ ቆሙና ወደ ሐይቁ አዩ። "እዚያ ጋ ምን አለ?" ብለው ጠየቁኝ። እንቦጭ ነው አልኳቸው። እሱ አልነበረም፣ ደንገል ነበር፣ ግን እሳቸው ሲሰሙ ተናደዱ። "ባለፈው ለነቃዮቹ 1 ቁና ቆሎ ልኬ አልነበር?" አሉ። የ2013ቱን የእንቦጭ ነቀላ ዘመቻ ነው የሚሉት።

ሒሳብ ስጠይቅ "ጻፍብኝ" አሉ። እኔ ደብተር የለኝም። ስለዚህ የእኔም ዕዳ አለ 😄

---

መርከበኛው

ልጆቼ፣ ዘግይቼ ነው ያየሁት። እኔ በጣና መርከብ ላይ ለረጅም ዘመን ሠርቻለሁ። ባሕር ዳር ጎርጎራ፣ በሳምንት አንዴ። ዘጌ፣ ደቅ፣ ቁንዝላ፣ ደልጊ እያልን። አዳራችን ቁንዝላ ነበር።

ያኔ ከደሴቱም ከማዶም የታመመ ሰው ወደ ፈለገ ሕይወት የሚመጣው በእኛ መርከብ ነበር። አንዳንዱን በቃሬዛ አምጥተው ይጭኑትና ቤተሰቡ ለመሳፈሪያ ስለሌለው እዚያው ይቀራል። በሽተኛው ብቻውን ይመጣል። ባሕር ዳር ወርዶ ሆስፒታሉ በየት እንደሆነ አያውቅም። ወደብ ላይ ተኝቶ የሚያድር ነበር።

እቴቴ ይህን የት እንዳዩ አላውቅም። አንድ ቀን የሌሊት ፈረቃቸውን ጨርሰው፣ ጥጡ ገና ጸጉራቸው ላይ እንዳለ፣ ጥቁር ጃንጥላ ይዘው ወደቡ ላይ ቆመው አገኘኋቸው። "የታመመ አለ?" አሉኝ። ነበር። ጋሪ ጠርተው ይዘውት ሄዱ። ከዚያ በኋላ መርከቡ በመጣ ቁጥር አሉ። እኔም ገና ገመድ ሳልጥል ከላይ ሆኜ እጮኻለሁ፦ "አለ!" ወይም "የለም!" "የለም" ካልኩ "ተመስገን" ብለው ጃንጥላቸውን አጥፈው ይመለሳሉ።

መስመሩ ይኸው ነው። መርከብ፣ የለም። የታመመ የለም ማለት ነው። ካስተዋልሽ ሌላ ዓይነትም መኖር አለበት፣ "መርከብ፣ አለ" የሚል።

---

የእቴቴ መጨረሻ

አለ። አሁን ሄጄ አየሁት። "መርከብ። አለ 1። ጋሪ 2 ብር።" የጋሪ ወጪ ነው ብለን አልፈነው ነበር።

አባባ፣ እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ለእህቴ ደወልኩላት። ብዙ ቆይታ "ስለዚህ እሱን አልነበረም" አለችኝ። ደስ ይበላት ይከፋት አላውቅም። እኔንም ግራ ገብቶኛል።

---

መርከበኛው

ልጄ፣ አልናገርም ብዬ ነበር፣ ግን ይኸው።

አንድ ጊዜ ጠይቄያቸዋለሁ። ዝናብ ነበር፣ መርከቡም ዘግይቷል፣ ቆመው ተበስብሰዋል። "እቴቴ፣ ለማያውቁት ሰው ምን አስቆመዎት?" አልኳቸው። ጃንጥላቸውን እያራገፉ "የእኔን ሰው ማን እንደተቀበለው አላውቅም" አሉኝ። ከዚያ ወሬውን ቀይረው የአምባዛ ዋጋ ጠየቁኝ።

ለእህትሽ ንገሪያት።

---

ሰማያዊ በር (ሐሙስ)

ልጄ፣ ያ ዓባይ ማዶ ያደገው ልጅ የጻፈውን ሲያነቡልኝ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ስለዚህ እናገራለሁ።

ጎላው የእቴቴ አልነበረም። የ14 ሴቶች ነበር። እያንዳንዳችን 5 ብር አዋጥተን፣ ቅዳሜ ገበያ ሄደን፣ አራት ሆነን ተሸክመን ያመጣነው። ለለቅሶም ለክርስትናም የሚወጣው እሱ ብቻ ነው። ሌላ አልነበረንም። የሚጽፈውና የሚቆጣጠረው እቴቴ፣ እሷ ብቻ ነበረች ከእኛ መጻፍ የምትችል።

የዚያ ልጅ አባት አርባ የወጣ ዕለት ማታ ሽንብጥ ሰው ሞተ። ወላድ ናት የሞተችው። በማግስቱ ቀብር ነው። ለቀብር መላሹ ምን ይቀቀል? እቴቴ በጨለማ፣ በእግሯ፣ ድልድዩን ተሻግራ ዓባይ ማዶ ሄደች። መጥፎ አነጋገር ተናግራ ይሆናል። ምላሷ አያውቅበትም ነበር፣ ሁላችንንም አስቀይማናለች። ባዶ እጇን ተመለሰች። "ጠፋ አሉ" አለችን። ከዚያ ሌሊቱን ቤት ለቤት ዞረን ትንንሽ ድስት ሰበሰብን።

የማን ቤት እንደሆነ እኔ እንኳ ያወቅሁት ዛሬ ነው። "ዓባይ ማዶ" ብቻ ነበር የምትለው።

---

የእቴቴ መጨረሻ (ሐሙስ፣ ሌሊት 6፡05)

የ1986ቱን ደብተር በእንፋሎት ከፈትኩት። እንዳለ ልገልብጠው።

"ጎላ። ዓባይ ማዶ። አልገባም።"

"ትንንሽ ድስት 6። ዞርን።"

ከአሥራ ሁለት መስመር በኋላ፦ "ዓባይ ማዶ። ጤፍ 1 ቁና። ወጣ። በእድር ስም።"

በሚቀጥለው ወር፦ "ዓባይ ማዶ። የልጁ ጫማ። ወጣ። በእድር ስም።"

"ገባ" የሚል የለም። "ዕዳ" የሚልም የለም። 23ቱንም ደብተር አገላብጫለሁ፣ ዕዳ ያላለችበት ቤት ይህ ብቻ ነው።

---

ደረቅ እውነት (ዓርብ፣ ጠዋት 1፡20)

ጫማውን አስታውሰዋለሁ። ቡናማ ሸራ ነበር። አንድ ቁጥር ይሰፋኝ ስለነበር ጫፉ ውስጥ ጨርቅ እጠቀጥቅበት ነበር። ከእድር የመጣ ነው ተብሎ ነው የተሰጠን። አባቴ የዚያ እድር አባል አልነበረም። ያኔ ልጅ ነበርኩ፣ አልጠየቅሁም። በኋላም አልጠየቅሁም።

እናቴ ጎላው ጠፋ ያለችው አልጠፋም ነበር። በንዴት ነው። ከዚያ ለመመለስ አፈረች። ዓመት ሲያልፍ ይበልጥ አፈረች። እሷም ከሞተች ስድስት ዓመቷ ነው። ውሃ ማጠራቀሚያ አድርገነው ጓሮ አለ።

እሑድ ስንት ሰዓት ነው? አጥቤ አመጣዋለሁ። ክዳን ግን የለውም። መጀመሪያውኑ ያለ ክዳን ነው የመጣው።

---

የእቴቴ መጨረሻ

ጠዋት 3 ሰዓት። ክዳኑ እኛ ጓዳ ተሰቅሏል።